እስፒከር ከጆሮ ምን ያህል ይራቅ?

በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ በመቀሌ የተሰጠ ንግግር



ከአዲስ አበባና ከሌሎች ከተሞች ለዚህ ጉባኤ የመጣችሁት ሁሉ በአሉላ አባ ነጋ አውሮፕላን ማረፊያ ስትወርዱ፣ አውሮፕላኑ መሬት ከነካ በኋላ ምን ያህል እንደ ሮጠ ልብ ብላችሁ ይሆናል። መንደርደሪያው 3,600 ሜትር ገደማ ርዝመት አለው። ይህን ያህል አስፋልት ለምን አስፈለገ ቢባል መልሱ የሚገኘው ከአየሩ ነው። ሜዳው ከባሕር ወለል ከ2,250 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ስለ ሆነ አየሩ ስስ ነው፤ ስስ አየር ክንፍን ሊሸከም የሚችለው ደግሞ አውሮፕላኑ በባሕር ዳርቻ ከሚያስፈልገው ፍጥነት ከ10 በመቶ በላይ ጨምሮ ሲሄድ ነው። ፈጥኖ የሚነሣና ፈጥኖ የሚያርፍ ነገር ረጅም መንገድ ይፈልጋል።

እኔ ግን ዛሬ እንድናገር የታዘዝሁት ስለ አውሮፕላን አይደለም። ይኸው ክንፍን የሚያደክም አየር በየሳሎናችን የተቀመጠውን እስፒከርም ያደክማል። ስለዚህም ዘፈንን በቤት ውስጥ በደንብ ለመስማት እስፒከሩ የት ይቀመጥ፣ ከሰሚውስ ምን ያህል ይራቅ የሚለውን ጥያቄ፣ በራሳችን አየርና በራሳችን ግድግዳ መጠን ልንመረምረው ይገባል ብዬ አስባለሁ።

ወደ ነገሩ ከመግባቴ በፊት ስለ ቃል ጥቂት ልበል። ድምፅ ማጉያ የሚለውን ስም ግማሾቻችን ኃይል ለሚሰጠው መሣሪያ፣ ግማሾቻችን ድምፁ ለሚወጣበት ሣጥን እንጠቀምበታለን፤ በዚህም ምክንያት በየጥገና ቤቱ ስንት ክርክር እንደሚነሣ የምታውቁት ነው። እኔ በዚህ ንግግር ማጉያ ስል አምፕሊፋየሩን፣ እስፒከር ስል ሣጥኑን ማለቴ እንደ ሆነ ይታወቅልኝ።

አጎቴ በጡረታ የተገለሉ መምህር ናቸው። ቤታቸው ኲሓ ውስጥ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ብዙ የማይርቅ፣ በድንጋይ የተሠራ ቤት ነው። በጦርነቱ ምክንያት ከአንድ ዓመት በላይ ተቋርጦ የነበረው የመንገደኞች በረራ ታኅሣሥ 19 ቀን 2015 ዓ.ም. እንደገና ከተጀመረ ጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ ከአዲስ አበባ ተነሥቼ ልጠይቃቸው ሄድሁ። ስንገናኝ የሆነውን እዚህ አልተርከውም። ከመጣሁ በሦስተኛው ቀን ማታ መብራት ሲመለስ፣ ከሣጥን ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ አንድ ካሴት አወጡ። በ1970ዎቹ ዓ.ም. በአንድ ሠርግ ማግሥት በዚያው ቤት የተቀዳ ነው፤ ታናሽ ወንድማቸው ክራር እየመታ ይዘፍናል። ወንድማቸው ዛሬ በሕይወት የለም።

ካሴቱን አስገቡና ከወንበራቸው ተቀመጡ። ሁለቱ እስፒከሮች በቡፌው ላይ ከግድግዳው ተጣብቀዋል፤ አንደኛው ከማዕዘኑ ገብቷል፣ ሌላው ከአበባ ማስቀመጫ ጀርባ ሆኗል። ከወንበራቸው እስከ እስፒከሮቹ ስለካው 3.5 ሜትር ሆነ። አጎቴ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፈቱት። ቤቱ በክራር ተሞላ፤ ቃሉ ግን አልለይ አለ።

«ምን ይላል ወደይ?» አሉኝ።

«እኔም አልለየሁትም» አልኋቸው።

«እንግዲያው የደነቆርሁት እኔ አይደለሁም፤ ካሴቱ ነው የሞተው ማለት ነው» አሉና ዘጉት። ጆሮዬ አለቀ ብለው ያን ካሴት ከከፈቱ ብዙ ጊዜ እንደ ሆናቸው፣ ያን ዕለት የከፈቱትም ወጣት ጆሮ እንዲሰማላቸው መሆኑን ኋላ አክስቴ ነገረችኝ። በውጭ አገር የሚኖሩት ልጆቻቸውም የአባታቸው ችግር የማጉያው ማነስ ነው ብለው፣ 500 ዋት የሚል ጽሑፍ ያለበት ትልቅ መሣሪያ ሊልኩላቸው እየተዘጋጁ ነበር።

እውነቱን ለመናገር፣ መጀመሪያ እኔም የልጆቹ ሐሳብ ትክክል መስሎኝ ነበር። ምክንያቴም አየሩ ነው። እስፒከር ሥራው አየርን መግፋት ነው፤ ወረቀቱ ሲርገበገብ የሚፈጥረው ግፊትም በሚገፋው አየር ክብደት ልክ ነው። በ20 ዲግሪ ሙቀት በባሕር ወለል አንድ ሜትር ኩብ አየር 1.2 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ በአሉላ አባ ነጋ ሜዳ ግን 0.92 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። ከመቶ 24 ያህሉ ጐድሏል ማለት ነው። ስለዚህ ፋብሪካው በ1 ዋት፣ በ1 ሜትር ርቀት 86 ዴሲቤል ይሰጣል ብሎ የጻፈለት እስፒከር፣ በመቀሌ የሚሰጠው 84 ገደማ ይሆናል። ሁለት ዴሲቤል ጥቂት ትመስላለች። በማጉያ ለመመለስ ሲታሰብ ግን፣ በባሕር ዳር 20 ዋት ይበቃው የነበረው ሰው ከ30 ዋት በላይ ይፈልጋል። ያም ማጉያ ራሱን የሚያቀዘቅዘው በዚሁ ስስ አየር በመሆኑ፣ በቆላ ከሚሞቀው ይልቅ በደጋ ይሞቃል። ይህ ጉዳይ የመቀሌ ብቻ አይደለም፤ የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያም ከ2,300 ሜትር በላይ ስለ ሆነ የአዲስ አበባ ባልደረቦቼ ሒሳቡን ለራሳቸው ሊወስዱት ይችላሉ።

በሌላ በኩል ከፍታ የድምፅን ፍጥነት አይለውጥም። ፍጥነቱን የሚወስነው የአየሩ ሙቀት ነው፤ በ20 ዲግሪ በሰከንድ 343 ሜትር ነው፤ ሙቀቱ እኩል ከሆነ በጅቡቲ ወደብም በኲሓም ያው ነው። ስለዚህ በውጭ መጻሕፍት ስለ ሞገድ ርዝመትና ስለ ርቀት የተጻፈው ልክ ለእኛም እንዳለ ይሠራል፤ የሚለወጠው የኃይሉ ሒሳብ ብቻ ነው። ይህን የኃይል ጕድለት ደግሞ በዋት ሳይሆን በርቀት ብንመልሰው ምን ያህል ይፈጃል? ድምፅ ከምንጩ በቀጥታ ወደ ጆሮ ሲመጣ ርቀቱ በግማሽ ሲቀንስ 6 ዴሲቤል ይጨምራል። በ1.3 ሜትር ላይ ያለን እስፒከር ወደ 1 ሜትር ማስጠጋት ከ2 ዴሲቤል በላይ ይመልሳል። ከፍታው የወሰደብንን ሁሉ ስንዝር ተኩል ይመልሰዋል ማለት ነው።

በዚያች ሌሊት ይህን በወረቀት ላይ ሳሰላ ነው ዋናው በሽታ የአየሩ መሳሳት አለመሆኑ የታየኝ። አጎቴ ድምፁን እስከ መጨረሻው ሲከፍቱት ኃይል አልጐደለም ነበር፤ መስኮቱ ይንቀጠቀጥ ነበር። የጐደለው ቃሉ ነው። ኃይል ቢጨመር ቃሉም፣ ቃሉን የሚሸፍነው ነገርም እኩል ይጨምራሉ እንጂ አንዱ ከሌላው አይቀድምም። ሽፋኑ ምንድን ነው ከተባለ፣ ግድግዳው የሚመልሰው ድምፅ ነው።

ሜዳ ላይ ጮኸን ከገደሉ የሚመለሰውን ድምፅ ገደል ማሚቶ እንለዋለን። በሳሎን ውስጥ ገደሎቹ ስድስት ናቸው፤ አራት ግድግዳ፣ ወለልና ኮርኒስ። ቅርብ ለቅርብ ስለ ሆኑ ማሚቶው ተለይቶ አይሰማም፤ ተደራርቦ እንደ ጭጋግ በቤቱ ይቆያል። ይህን ቆይታ በሰከንድ መለካት ያስተማረው አሜሪካዊው የፊዚክስ መምህር ዋላስ ሴቢን ነው፤ ልኩም ድምፁ በ60 ዴሲቤል እስኪወድቅ የሚፈጀው ጊዜ ነው። የአጎቴ ሳሎን 5 ሜትር በ4 ሜትር፣ ከፍታው 2.8 ሜትር ሲሆን፣ ግድግዳው በሲሚንቶ የተለሰነ ድንጋይ፣ ወለሉ ባዶ ሲሚንቶ፣ መጋረጃው ስስ ነው። በእጄ አጨብጭቤ በስልኬ ስለካው 1.2 ሰከንድ ገደማ አገኘሁ። አብዛኛው የከተማችን ቤት ከዚህ ብዙ አይለይም ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም። አሮጌው ህድሞ በአፈር ጣሪያውና በውስጡ በተከማቸው ጓዝ ከዛሬው የሲሚንቶ ሳሎን ለጆሮ ሳይሻል አይቀርም፤ ይህን ግን ለክተን ብናረጋግጠው ደስ ይለኛል።

አሁን ወደ ዋናው ሒሳብ እንምጣ። ከእስፒከሩ በቀጥታ የሚመጣው ድምፅ በርቀት ይደክማል፤ በቤቱ የተሞላው ነጸብራቅ ግን በየትኛውም ሥፍራ እኩል ነው ለማለት ይቻላል። ስለዚህ ሁለቱ የሚተካከሉበት አንድ ርቀት አለ። ርቀቱን በሜትር ለማግኘት የክፍሉን ይዘት በሜትር ኩብ ወስደን ለቆይታው ጊዜ ማካፈል፣ የተገኘውን ከሥሩ ማውጣትና በ0.057 ማባዛት ነው። ለአጎቴ ሳሎን 56 ለ1.2 ሲካፈል 47 ያህል ነው፤ ሥሩ 6.8፤ ውጤቱ 39 ሳንቲ ሜትር ነው። ይህ በሁሉም አቅጣጫ እኩል ለሚበትን ምንጭ ነው። እስፒከር የሰው ድምፅ በሚገኝበት ክልል ወደ ፊቱ አብልጦ ስለሚሰድድ፣ ርቀቱ ወደ 70 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል እንበል። አጎቴ የተቀመጡት በ3.5 ሜትር ላይ ነው፤ የርቀቱ አምስት እጥፍ። በዚያ ወንበር ላይ የወንድማቸው ቃል ከነጸብራቁ በ14 ዴሲቤል ያነሰ ነው። በእንዲህ ያለ ጭጋግ ውስጥ ቃል አለመለየቱ ምን ይደንቃል?

ምንጣፍ ቢነጠፍስ፣ ወፍራም መጋረጃ ቢሰቀልስ የሚል ይኖራል። መልካም ነው፤ ነገር ግን ዋጋውን እንመልከት። በብዙ ወጪ የቆይታውን ጊዜ ከ1.2 ወደ 0.6 ሰከንድ ብናወርደው፣ ያ ርቀት የሚያድገው ከ70 ሳንቲ ሜትር ወደ 1 ሜትር ብቻ ነው፤ ትርፉ 3 ዴሲቤል ነው። ወንበሩን ከ3.5 ወደ 2.5 ሜትር ማስጠጋት ይህንኑ 3 ዴሲቤል በነጻ ይሰጣል። ወደ 80 ሳንቲ ሜትር ማስጠጋት ደግሞ ወደ 13 ዴሲቤል ይሰጣል። ምንጣፍ የሚሸጡ ወዳጆቼ ይቅር ይበሉኝ።

በማግሥቱ ሁለት በርጩማ ከማድ ቤት አመጣሁ፤ በላያቸው ጥቂት መጻሕፍት ደርቤ እስፒከሮቹን ከቡፌው አወረድሁ። አክስቴ በሩ ላይ ቆማ አየችኝና «ሬዲዮ ነው ወይስ የታመመ ሰው ነው እንዲህ የምታስጠጋው?» አለችኝ። ሲባጎ ቆርጬ አንድ ልክ አበጀሁ፤ ከአንዱ እስፒከር እስከ ሌላው፣ ከእያንዳንዱም እስከ አጎቴ አፍንጫ ያው አንድ ሲባጎ ሆነ። ሦስት እኩል ጎን ያለው ሦስት ማዕዘን ማለት ነው፤ ጎኑ 80 ሳንቲ ሜትር። የቀጭኑ ድምፅ አፍ ከጆሮ ትክክል እንዲሆን ቁመቱን በመጻሕፍቱ አስተካከልሁ። ሣጥኖቹን ጥቂት ወደ ውስጥ አዞርኋቸው። ጀርባቸው ከግድግዳው 1 ሜትር ያህል ራቀ።

ስለ ጀርባው ግድግዳ ጥቂት ልጨምር፤ በየቤቱ የማየው ትልቁ ስሕተት እዚህ ነውና። ድምፅ ወደ ኋላ ሄዶ ከግድግዳ ሲመለስ፣ ርቀቱ የሞገዱ ርዝመት ሩብ በሆነበት ድግግሞሽ ላይ ከፊተኛው ጋር ተጻርሮ ያጠፋዋል። ግድግዳው በ1 ሜትር ሲሆን ይህ በ86 ሄርዝ፣ በግማሽ ሜትር ሲሆን በ172 ሄርዝ ገደማ ይደርሳል። ከዚህ ማምለጥ አይቻልም፤ የማጥፋቱን ጕልበት ማድከም ግን ይቻላል። በ3 ሜትር ላይ ለተቀመጠ ሰው የተመለሰው ድምፅ 5 ሜትር ተጕዞ ይደርሰዋል፤ ከቀጥተኛው ብዙም አልደከመምና እስከ 8 ዴሲቤል ጕድጓድ ይቆፍራል። በ80 ሳንቲ ሜትር ላይ ለተቀመጠ ሰው ግን ቀጥተኛው 0.8፣ የተመለሰው 2.8 ሜትር ስለሚጓዝ ጕድጓዱ ከ3 ዴሲቤል አይበልጥም። ያው ግድግዳ፣ ያው እስፒከር ነው፤ የተለወጠው ወንበሩ ብቻ ነው።

መብራት ነበረና ካሴቱን ከፈትን። ማጉያው ከግማሽ በታች ነው። የመጀመሪያው ቤት ሲዘፈን አጎቴ ምንም አላሉም። በሁለተኛው ቤት ላይ ከዘፋኙ ቀድመው ቃሉን በከንፈራቸው ይሉ ጀመር፤ ያስታውሱት ነበር፣ የጠፋባቸው መስማቱ ነበር። ካሴቱ በሞኖ የተቀዳ ስለ ሆነ፣ ትንሽ ቆይቼ አንዱን እስፒከር ፈትቼ ሌላውን ፊት ለፊታቸው በ70 ሳንቲ ሜትር ላይ ብቻውን አኖርሁት። ይበልጥ ጠራ። ይህን ባልደረቦቼ እንዲያስቡበት እወዳለሁ፤ አንድን ሞኖ ቅጂ በሁለት አፍ ማሰማት፣ ሰሚው ከመካከል ጥቂት ፈቀቅ ባለ ቍጥር ሁለቱን ድምፆች እርስ በርሳቸው ያጣላል። አምሐ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. ከመሠረተው አምሐ ሬከርድስ ጀምሮ የወጡት የ45 ዙር ሸክላዎች በየቤቱ አሉ፤ በሞኖ የተቀዳው ሸክላ አንድ ደኅና እስፒከር በቅርብ ቢያገኝ ይጠቅመዋል እንጂ አይጐዳውም።

ከዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ሳልሸሽግ ልናገር ይገባኛል። በካሴቱ መካከል ዘፈኑ ሲያልቅ አንድ ሽማግሌ ከቤቱ ጥግ ሲመርቁ ይሰማል። የአጎቴ አባት፣ የእኔ አያት ናቸው። አጎቴ ያን ምርቃት ለመስማት እስፒከሩን በሁለት እጃቸው ይዘው ጆሯቸው ላይ አደረጉት። አልተሰማም። ምክንያቱም ያው የርቀት ሕግ ነው፤ ያን ጊዜ መቅጃው ከዘፋኙ እግር ሥር፣ ከአያቴ ግን በክፍሉ ወዲያኛው ጫፍ ነበር። ማይክሮፎን ከሩቅ ነጸብራቅ ጋር ቀላቅሎ የወሰደውን ቃል እኛ በኋላ እስፒከር በማስጠጋት አንለየውም። «ይኸኛውስ?» ብለው ሲጠይቁኝ ይህንኑ በሌላ አነጋገር ነገርኋቸው። ጥቂት ዝም አሉና ካሴቱን ወደ መጀመሪያው መልሰው አጠነጠኑት። ከመካከላችሁ የሽማግሌዎችን ቃል ለመቅዳት የምትወጡ ካላችሁ፣ መቅጃውን ከአፋቸው ከሁለት ስንዝር አታርቁት።

የማስጠጋቱ ዘዴ በእኛ የተፈጠረ አይደለም። እንግሊዛዊው አለን ብሉምላይን ስለ ስቴሪዮ የፈጠራ መብት ማመልከቻውን እ.ኤ.አ. በ1931 ካቀረበ በኋላ ለብዙ ዓመታት የስቱዲዮ ባለሙያዎች የሚያዳምጡት በግድግዳ ውስጥ በተተከሉ ትልልቅ እስፒከሮች ነበር። ኋላ ግን ትንንሽ ሣጥኖችን በመቀላቀያው ጠረጴዛ ላይ ከፊታቸው ማኖር ጀመሩ። የጃፓኑ ያማሃ እ.ኤ.አ. በ1978 ለቤት ብሎ ያወጣው ኤን ኤስ 10 የተባለ ሣጥን ቤት ውስጥ ብዙም ሳይወደድ በስቱዲዮ ነገሠ፤ እስከ 2001 ድረስም ተሠርቷል። እነዚህ ባለሙያዎች ክፍላቸው ስለ ተበላሸ ሳይሆን፣ ከክፍል ወደ ክፍል ሲዘዋወሩ ጆሯቸው በየግድግዳው እንዳይታለል ነው ያስጠጉት። ስለዚህ በቅርብ መስማት ዘፈኑን ሠሪዎቹ ወደ ሰሙት መቅረብ ነው፤ ካለፉት አርባ ዓመታት ዘፈን ብዙው ሚዛኑ የተፈረደው በ1 ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ነውና።

በአገራችንም ከመሣሪያዎች ሁሉ ለዚህ ነገር ምስክር የሚሆን በገና ነው። አሥር ጅማት ያለው፣ በጅማቱና በመቀመጫው መካከል በሚገባው ቍራጭ ቆዳ ምክንያት የሚነዝር ዝቅተኛ ድምፅ አለው። ደርዳሪው ለራሱና ለፈጣሪው፣ ቢበዛ አጠገቡ ለተቀመጠ ሰው ነው የሚደረድረው። ይህን መሣሪያ ቀድተው በአራት ሜትር ርቀት፣ በሲሚንቶ አዳራሽ፣ በትልቅ ማጉያ ሲያሰሙት የወፍጮ ሞተር ይመስላል። ጥፋቱ የደርዳሪው አይደለም።

ዘዴው የማይሠራበትን ቦታ ደግሞ ልንገራችሁ። ሦስት አፍ ያለው፣ ቁመቱ ከወገብ የሚደርስ ሣጥን በ80 ሳንቲ ሜትር አይሰማም፤ የወፍራሙና የቀጭኑ ድምፅ አፎች ተራርቀው ስለ ተሠሩ ሳይዋሐዱ ጆሮ ይደርሳሉ፤ ለእንዲህ ያለው ቢያንስ 2 ሜትር ያስፈልጋል። ለቅርብ የሚመረጠው ሁለት አፍ ያለው ትንሽ ሣጥን ነው። ከትንሽ ሣጥን ደግሞ ጥልቅ ባስ መጠበቅ አይገባም። ከ100 ሄርዝ በታች ክፍሉ ራሱ ነው የሚዘፍነው፤ 5 ሜትር ርዝመት በ34፣ 4 ሜትር ስፋት በ43 ሄርዝ ያስተጋባል፤ ማስጠጋት ይህን እምብዛም አይፈውስም። ወንበሩን ከክፍሉ ትክክል መካከልም ከግድግዳው ጥግም ማራቅ ጥቂት ይረዳል። እስፒከሩን ባዶ ጠረጴዛ ላይ ማስተኛትም የጠረጴዛውን ነጸብራቅ ያመጣል፤ በርጩማ የመረጥሁት ስለዚህ ነው።

ስለ ዋቱም ጕዳይ ቃል እንደ ገባሁ ላሰላ። በመቀሌ 84 ዴሲቤል የሚሰጥ እስፒከር በ1 ሜትር ላይ ላለ ሰው፣ አማካዩ 75፣ ጫፉ 90 ዴሲቤል የሆነ ዘፈን ለማሰማት የሚፈልገው 4 ዋት ነው። 10 ዋት ያለው ማጉያ ይተርፋል፤ መብራት ሲጠፋም በባትሪ ይሠራል። የ500 ዋቱ መሣሪያ እንዳይላክ ለልጆቹ ጻፍሁላቸው። አንደኛው ተቀይሞኛል፤ መሣሪያውን አስቀድሞ ገዝቶት ኖሯል።

ይህን ስናገር አንድ ጥንቃቄ መዘንጋት የለበትም። በቅርብ ያለ ጥሩ ድምፅ ስለማይጮኽ ሰው ሳያውቀው ይጨምረዋል። 85 ዴሲቤል ለስምንት ሰዓት ከተሰማ በኋላ ጆሮ አደጋ ላይ ነው ይባላል፤ በየ3 ዴሲቤሉ ጭማሪ የተፈቀደው ሰዓት በግማሽ ይቀንሳል። አውሮፕላን ሲነሣ ወይም ሲያርፍ፣ አጎቴ እንደሚያደርጉት፣ ድምፁን ከማስጮኽ ቆም አድርጎ ማሳለፍ ይሻላል። በኲሓ በቀን ጥቂት ጊዜ ነው።

የአክስቴ ተቃውሞ ግን ከእኔ ሒሳብ ሁሉ የጠነከረ ነው። «እንግዳ ሲመጣስ? ቡና ሲፈላስ? እሱ ብቻውን ሊሰማ እኛ ዳር ልንሆን ነው?» አለች። እውነት አላት። ሦስት ማዕዘኑ የሚሠራው ለአንድ ራስ ነው፤ ሁለተኛው ሰው ከጎን ሲቀመጥ ድምፁ ሁሉ ወደ ቀረበው እስፒከር ይሳባል። በእኛ አገር ደግሞ ብቻውን ዘፈን የሚሰማ ሰው እንደ ተከዘ ይቈጠራል። ስለዚህ ሁለት ሥርዓት አበጀን። በወለሉ ላይ በኖራ አራት ምልክት አደረግሁ፤ ሁለቱ ለአጎቴ፣ ሁለቱ ለቡና። ለቡናው እስፒከሮቹ ወደ ሰዎቹ መካከል ይገባሉ፤ ለሁለቱም አንድ ዓይነት ድምፅ ይሰጣል፤ ማንም ከአንዱ ከሜትር ተኩል በላይ አይርቅም፤ ጨዋታም ሳይቋረጥ ዝግ ብሎ ይዘፈናል። አክስቴ በዚህ ተስማማች፤ ኖራውን ግን በሳምንቱ ወለል ስታጥብ አጥፍታዋለች። አሁን ልኩን የምታውቀው በሲባጎው ነው።

ከምሳ በኋላ ከዚህ አዳራሽ ቀጥሎ ባለው ክፍል ሁለት ትንንሽ እስፒከሮች፣ 10 ዋት ማጉያና ይኸው ሲባጎ ይኖራሉ። ክፍሉ ባዶ ሲሚንቶ ነው፤ ሆን ብዬ የመረጥሁት ነው። በመጀመሪያ በ3.5 ሜትር፣ ቀጥሎ በ80 ሳንቲ ሜትር አሰማችኋለሁ። አንድ በአንድ ስለሆነ ተራ እንድትይዙ እለምናለሁ። የማታውን በረራ የምትይዙ አባላት አስቀድማችሁ ግቡ።